አሮጌው ባለ ሁለት አፈሙዝ ይተኮስበታል ወይስ ይሰቀላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዝይ ማደን ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ይኖሩ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ወዳጄ በቅርቡ አረፉ። ባለቤታቸው ሁለት አሮጌ የዳክዬና የዝይ ጠመንጃዎች ሊሸጡልኝ ይፈልጋሉ። አንዱ የአሜሪካ ሥራ የሆነ ፓርከር ነው፤ 10 ጌጅ፣ መዶሻው በውጭ፣ በርሜሉ 32 ኢንች፣ ሰውነቱ ላይ ሞገድ የመሰለ ጥለት አለው። ሌላው የእንግሊዝ ሥራ 8 ጌጅ ነው፤ በርሜሉ 36 ኢንች ሲሆን ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል። የሱቁ ሰው ‹10 ያው 10 ነው፤ ይህን የብረት ጥይት ውሰድ› አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሞገድ ያለው በርሜል ሁሉ ይፈነዳል ይላል። ማጉረሻውን አስረዝሞ መተኮስ ይቻላል ያለኝም አለ። በሁለቱም ማደን እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ወደ አገር ቤት ብወስዳቸውም ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

የሱቁን ሰው ምክር ይተዉት። 10 ያው 10 አይደለም።

ጌጅ የሚነግርዎት የበርሜሉን የውስጥ ስፋት ብቻ ነው። አቆጣጠሩ የድሮ ነው። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት እኩል ድቡልቡል ጥይት ይወጣል? የአንዷ ጥይት ስፋት የበርሜሉ ስፋት ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 10 ጌጅ 19.7፣ 8 ጌጅ ደግሞ 21.2። ቁጥሩ ስለ ማጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ ስለሚገባበት የበርሜል ክፍል ርዝመት ግን ምንም አይልም። የ1880ዎቹ 10 ጌጅ ማጉረሻው አብዛኛውን ጊዜ 2 ከ7/8 ኢንች ነው፤ ማለትም 73 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው የ10 ጌጅ የዝይ ጥይት 3 ተኩል ኢንች፣ 89 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ረጅም ጥይት የመጣው በ1932 ነው። ኒውዮርክ ግዛት የነበረው የኢታካ ፋብሪካ ለዚሁ ጥይት ብሎ ከባድ ጠመንጃ ሠራ። የእርስዎ ፓርከር ሲሠራ እንዲህ ያለ ጥይት በዓለም ላይ አልነበረም።

አደጋው ረጅሙ ጥይት አንዳንዴ አጭሩ ማጉረሻ ውስጥ ገብቶ ጠመንጃው ልክክ ብሎ መዘጋቱ ነው። ያልተተኮሰ ጥይት አፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ አጭር ይመስላል። ሲተኮስ እጥፋቱ ይዘረጋል። መዘርጊያ ቦታ ካጣ ከማጉረሻው ቀጥሎ ወዳለው ጠባብ አንገት ይገባና መውጫውን ያጠብበዋል። ግፊቱ በአንዴ ያሻቅባል። ጥይቱ ስለገባና ጠመንጃው ስለተዘጋ ልኩ ነው ማለት አይደለም።

የብረቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ከባድ ነው። አሜሪካ የውኃ ወፍ በእርሳስ ማደንን ደረጃ በደረጃ አስቀርታ በ1991 በመላ አገሪቱ ከልክላለች። ዳክዬና ዝይ ረግረጉ ውስጥ የወደቀውን እርሳስ እንደ ጠጠር ይለቅሙታል። ሆዳቸው ውስጥ ተፈጭቶ ይመርዛቸዋል። የሞተውን ወፍ የሚበላው ንስርም አብሮ ይመረዛል። ክልከላው ትክክል ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው አዳኝ ወደ ብረት ፍሬ ዞረ፤ ፍሬ የምንለው ጥይቱ ውስጥ የታሸጉትን ትንንሽ ድቡልቡሎች ነው። ለዘመናዊ ጠመንጃ ጥሩ ነው። ለእርስዎ ግን አይሆንም።

ለምን ቢሉ፣ የድሮ የውኃ ወፍ ጠመንጃ አፉ አካባቢ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ጥበት ቾክ እንለዋለን። ፍሬው ከሩቅ ሳይበተን ሰብሰብ ብሎ እንዲደርስ ያደርጋል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በጥበቱ ሲያልፍ እሺ ብሎ ቅርጹን ይለውጣል። ብረት እሺ አይልም። ተጨናንቆ ሲያልፍ በርሜሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። መጀመሪያ አፉ አጠገብ ቀለበት የመሰለ እብጠት ይወጣል። ቀጥሎ ሁለቱን በርሜሎች አጣብቆ የያዘው የቆርቆሮ ብየዳ ይለቃል። እንዲህ የሆነ በርሜል ሲሠራ ወደነበረበት አይመለስም። ይህ ሁሉ በአንድ ተኩስ ላይሆን ይችላል። በጥቂት ማለዳዎች ቀስ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል ነው ሰዎች የሚዘናጉት።

ታዲያ በምን ይተኮስ? በቢስመዝ። ቢስመዝ ከእርሳስ ብዙም የማይርቅ፣ ለውኃ ወፍ አደን የተፈቀደ የፍሬ ዓይነት ነው። ክብደቱን እናነጻጽር፦ እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ቢስመዝ 9.6 ግራም፣ ብረት 7.8 ግራም። በርሜል አይጎዳም፤ በጠባብ ቾክም በሰላም ያልፋል። ቱንግስተን ማትሪክስ የሚባለውም ለአሮጌ ጠመንጃ የታሰበ ነው፤ ክብደቱ እርሳስን ሊያክል ምንም አይቀረው። ሌሎቹን የቱንግስተን ዓይነቶች ግን አይንኩ፤ ከብረት የሚጠነክሩ አሉባቸው። ዋጋውን አልደብቅዎትም፤ የቢስመዝ ጥይት ውድ ነው። በአሮጌ ጠመንጃ ማደን የፈለገ ሰው ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ማስላት አለበት። ሁለተኛው ገደብ ርቀት ነው። ከ35 ሜትር በላይ ያለውን ዝይ ይተዉት። በርሜሉ ስለረዘመ ጥይቱ የሚርቅ የሚመስላቸው አሉ። ረጅም በርሜል አወናጨፉን ያረጋጋል፤ ለማለምም ይረዳል። ለጥይቱ የሚጨምርለት ፍጥነት ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሁን ወደ ሞገዱ። ጓደኛዎ ያሉት ሁሉም ይፈነዳል የሚለው ስሕተት ነው። ሁሉም ደህና ነው ማለት ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። ይህ በርሜል ዳማስከስ ይባላል። የብረትና የስቲል ዘንጎች አንድ ላይ በእሳት ይበየዳሉ፤ ይገመዳሉ። ከዚያ በአንድ ዘንግ ዙሪያ እየተጠመጠሙ፣ በመዶሻ እየተቀጠቀጡ ቱቦ እስኪሆኑ ድረስ ይበየዳሉ። ሞገዱ ሁለቱ ብረቶች በአሲድ ሲነኩ የሚያሳዩት የተለያየ መልክ ነው። በርካሽ ጠመንጃ ላይ ተስሎ የሚመጣ የውሸት ሞገድም ነበረ፤ ፓርከር ላይ ግን ይህ አያሰጋዎትም። ፓርከር ሥራውን የሚሠራው ኮኔቲከት ውስጥ ሜሪደን ከተማ ነበር። የዳማስከስ ጥሬ ቱቦዎቹን ግን ከአውሮፓ ያስመጣ ነበር። በጊዜው ይህ ከምርጥ በርሜሎች አንዱ ነበር። ብዙዎቹ ዛሬም ጤነኛ ናቸው።

ችግሩ ያለው ባለፉት መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ዓመታት ላይ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል። የድሮው ማቀጣጠያ ደግሞ ጨው ትቶ ያልፋል። ያን ማታ በሙቅ ውኃ ያልታጠበ በርሜል በማግስቱ ዝገት ይጀምረዋል። ቼሳፒክ ዳር ሲሆን ጨዋማው አየር ይጨመርበታል። ዝገቱ በብየዳው መስመር ተከትሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ አንድ ባለሙያ ጉድጓዶቹን ለማጥፋት ውስጡን ይሞርደዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላው ይደግመዋል። ከውጭ ደግሞ ሞገዱ ደምቆ እንዲታይ ይወለውሉታል። በርሜሉ እያማረ ይሄዳል፤ እየሳሳም ይሄዳል። ስለዚህ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ አሮጌ በርሜል እኔን አያስደስተኝም። መጀመሪያ የምጠይቀው ያን ለማብራት ምን ያህል ብረት እንደተላጠ ነው።

ይህን የሚመልሰው ዓይን ሳይሆን መለኪያ ነው። የግድግዳ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ያለው፣ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የለመደ የጠመንጃ ባለሙያ ይፈልጉ። ተራ የጠመንጃ ሱቅ አይበቃም። ሁለቱም በርሜሎች ከማጉረሻው ጫፍ እስከ አፉ፣ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ፣ ዙሪያቸውን ይለኩ። የአንድ በርሜል አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ስስ ሊሆን ይችላልና። በእንግሊዝ የሙያው ልማድ ከፊተኛው ክፍል ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር እንደ ዝቅተኛ ይያዛል። እኔ ለእንዲህ ያለ ከባድ ጠመንጃ 0.75 ካልሞላ እንዲተኮስበት አልመክርም። ማጉረሻው በሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ሳይለኩ በፊት ራስዎ የሚያዩት ነገር አለ። ከሴትዮዋ ፈቃድ ይጠይቁና በርሜሉን ከአካሉ ይፍቱት። የበርሜሉን ታች ጠፍጣፋውን ክፍል ይመልከቱ። ፓርከር ያልተሞረደውን በርሜል ክብደት በፓውንድና በአውንስ እዚያ አካባቢ በትንንሽ ቁጥር ያትመው ነበር። ዛሬ በርሜሉን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ከዚያ ቁጥር ጥቂት ቢያንስ የተለመደ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ሞርዶ ጨርሶታልና። በጣም ካነሰ ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ብዙ ብረት ተልጧል ወይም በርሜሉ ተቆርጧል። በርሜሉን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ጉጥ ላይ ደግሞ የአካሉን መጠን የሚናገር አንድ ቁጥር አለ። በ10 ጌጅ ላይ 3 ወይም 4 ካዩ ከባድ፣ ለውኃ ወፍ የታሰበ ጠመንጃ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ አፉን ይዩ። በሁለቱ በርሜሎች መካከል ያለው ክፍተት ተሞልቶ መዘጋት አለበት። ባዶ ከሆነ ሰው ቆርጦታል፤ ቾኩም አብሮ ሄዷል። በመጨረሻ በርሜሉን መንጠቆው ላይ በገመድ አንጠልጥለው በጥፍርዎ ወይም በመጻፊያ እርሳስ ጀርባ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ፣ ረዘም ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። የተሰነጠቀ ዓይነት ወይም የሚንዘረዘር ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ብየዳው ለቋል።

መልሰው ሲገጥሙት እንጨቱን ሳያዩት አይለፉ። ከመዶሻዎቹ ኋላ፣ ሰደፉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። ዘይት የጠጣ አሮጌ እንጨት ይለሰልሳል፤ ከባድ ጥይት ሲተኮስበት ይተረተራል። የፊት እንጨቱን አውልቀው በርሜሉን ይወዝውዙት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ማጠፊያው ላልቷል። ይህ ይጠገናል። ዋጋው ግን ከሂሳቡ ይቀነስ።

ስለ ግፊት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቀለል ያለ ዘመናዊ ጥይት ስለሆነ ችግር የለውም ይላሉ። የጥይት ቅለትና የግፊት ዝቅታ አንድ አይደሉም። ፍሬው ጥቂት ሆኖ ግፊቱ ከፍተኛ የሆነ ጥይት በሽ ነው። በአሜሪካ ለ10 ጌጅ የተቀመጠው ከፍተኛ የግፊት ጣሪያ 11,000 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ ፋብሪካዎች እስከዚያ ሊሄዱ ይችላሉ። ለእርስዎ ጠመንጃ ግን ከ7,000 በታች መሆኑ በግልጽ የተጻፈ፣ 2 ከ7/8 ኢንች፣ ቢስመዝ የታሸገበት ጥይት ይፈልጉ። ለአሮጌ ጠመንጃ ብለው የሚያሽጉ አነስተኛ ድርጅቶች አሉ። 35 ግራም ፍሬ በቂ ነው። ጠመንጃው ከ4 ኪሎ በላይ ስለሆነ ትከሻዎን እምብዛም አይመታዎትም። በጥቁር ባሩድ መተኮስም ይቻላል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ፍሬው ግን ያው ከተፈቀዱት ዓይነቶች መሆን አለበት፤ ጠመንጃው አሮጌ ስለሆነ እርሳስ አይፈቀድልዎትም።

ማጉረሻውን ማስረዘም የሚለውን ፈጽሞ አይሞክሩት። ማስረዘም ማለት ግፊቱ ከሚበረታበት ቦታ ላይ ብረት መላጥ ነው። በርሜሉ ይደክማል፤ ጠመንጃውም እንደ ቅርስ ያለው ዋጋ ይወርዳል። ያገኙት ጥቅም ደግሞ ለጠመንጃው የማይሆን ጥይት ማስገባት መቻል ብቻ ነው። 10 ጌጁን ወደ 12 የሚያጠብ አጭር ማስገቢያ የሚሸጡም አሉ። እሱም የሳሳ በርሜልን አያድንም፤ ግፊቱ ከማስገቢያው ወጥቶ እዚያው በርሜል ውስጥ ነው የሚሄደው።

ወደ 8 ጌጁ ስንመጣ ዋናው መልስ አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ አያድኑበትም። ከ1918 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ተሰዳጅ ወፎችን ከ10 ጌጅ በሰፋ ሾትገን (የፍሬ ጠመንጃ) ማደን ይከለክላል። ዳክዬና ዝይ ደግሞ ተሰዳጅ ወፎች ናቸው። ሕጉ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼሳፒክ ላይ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ነበሩ። ካንቫስባክ የሚባለው ዳክዬ በበርሜል እየታሸገ ወደ ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ ሆቴሎች ይሄድ ነበር። ጀልባ ላይ የሚጠመዱ ግዙፍ ጠመንጃዎችም ነበሩ፤ ሌሊት ውኃ ላይ የተኛ መንጋ ላይ ይተኮሳሉ። መንጋው አለቀ ሊባል ደረሰ። ዛሬ በየማለዳው የምናየው ዝይና ዳክዬ የተረፈው እነዚያ ሕጎች ስለወጡ ነው። ስለዚህ ማንም የማያይዎት ረግረግ ውስጥ ቢሆኑ እንኳ በ8 ጌጅ ወፍ ላይ አይተኩሱ።

በእንግሊዝ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሕጉ ገደብ ያደረገው 44 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋትን ነው። ስለዚህ ዛሬም በባሕር ዳር ጭቃ ላይ በ8 ጌጅ እና በ4 ጌጅ ሳይቀር ዝይ የሚያድኑ አሉ። የእርስዎ ጠመንጃ የተሠራው ለዚያ ሕይወት ነው፦ ንጋት ላይ ከፍ ብሎ ለሚያልፍ ዝይ፣ 57 ግራም ፍሬ በአንድ ተኩስ፣ 6 ኪሎ ብረት ደግሞ ምቱን ዋጥ የሚያደርግ። በጣም ያማረ ሥራ ነው። ተለክቶ ደህና ከሆነ ተኩስ ሜዳ ላይ የሸክላ ዒላማ ሊመቱበት ይችላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እቶናቸው ውስጥ የተጋገረውን ለመስበር የሚጠቀሙበት 8 ጌጅ የሚባል ጥይት አለ። አንዳንዴ በጥንታዊ ዕቃ ገበያ ላይ ይገኛል። ለትከሻ ጠመንጃ አልተሠራም። እጅዎን፣ ከዚያም በላይ ሊያሳጣዎት ይችላል።

የ8 ጌጁ አንድ ጥቅም ማኅተሙ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በርሜል ሁሉ ከመሸጡ በፊት ለንደን ወይም በርሚንግሃም ባለው የፍተሻ ቤት በከባድ ጥይት ተፈትኖ ይታተምበታል። አሜሪካ እንዲህ ያለ መንግሥታዊ ፍተሻ ኖሮ አያውቅም፤ ፓርከሩ ላይ ማኅተም ቢያጡ አይደንግጡ። እንግሊዙ ላይ «ናይትሮ ፕሩፍ» የሚል ካለ ለጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። «ኖት ፎር ቦል» የሚል ካለ ደግሞ ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ የታተመ፣ ቾክ ያለው በርሜል ነው። የመጀመሪያው የውስጥ ስፋትም በቁጥር ታትሟል። ዛሬ ሲለካ ከዚያ በ0.25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሰፍቶ ከተገኘ ማኅተሙ ዋጋ የለውም። በድሮ ማኅተም ብቻ ተማምኖ መተኮስ አይቻልም።

ለሰብሳቢ ዋጋ ያለው ያልተነካ ጠመንጃ ነው። ያረጀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ግን ሰው ያልጎረጎረው ፓርከር እንደገና ተወልውሎ ከተቀባው ይበልጣል። የብሎኖቹን አፍ ይዩ። በማይሆን መፍቻ የተቦጨቁ ከሆኑ ልምድ የሌለው ሰው ከፍቶታል። አካሉ ላይ፣ በርሜሉ ላይና የፊት እንጨቱ ብረት ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የፓርከር ሰብሳቢዎች ማኅበር ከፋብሪካው የድሮ መዝገብ ላይ እያየ፣ መዝገቡ እስካለ ድረስ፣ ጠመንጃው ሲወጣ ምን እንደነበር በደብዳቤ ይገልጻል። በ32 ኢንች የወጣ ከሆነና ዛሬም 32 ከሆነ ልብዎ ይረጋል። በስም ደግሞ አይታለሉ። በዚያ ዘመን የታወቁ የእንግሊዝ ስሞችን የሚያስመስል ጽሑፍ ያለባቸው ርካሽ የቤልጂግ ጠመንጃዎች አሜሪካን አጥለቅልቀውት ነበር። ዌስትሊ ሪቻርድስ ትልቅ ስም ነው፤ «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቤልጂጓ ከተማ የሊዬጅ ርካሽ ሥራ ነው። የእንግሊዝ ነው የተባለው 8 ጌጅ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ ፊደላት ካዩ ቤልጂግ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚያየው። ፓርከሩ መቼ እንደተሠራ በመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። ነገር ግን ስቴቱ የራሱ ሕግ አለው። ጠመንጃው ጥንታዊ መሆኑም ጥይቱን ከሕግ አያወጣውም። ይህን የምለው በተለይ ለወገኖቻችን ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያም ጥይትም እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ጥይት እንኳ ቤቱ እንዳያስገባ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካለዎት በዚህ በኩል ችግር የለም። ለአደኑ ደግሞ እስካሁን የሚያወጡት የሜሪላንድ ፈቃድና የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር ያው ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት መውሰዱን ይርሱት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን ይከለክላል። ከአሜሪካ ማውጣቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሻንጣ ውስጥ ብረቱን ፈትቶ መክተት ኤርፖርት ላይ የሚያስይዝ ወንጀል ነው።

አደን ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መዶሻው በውጭ ያለ ጠመንጃ በብርድ የደነዘዘ ጣት አይወድም። ዝይዎቹ ሳይመጡ ቀርተው መዶሻውን መልሰው ለማውረድ ሲፈልጉ ከጣትዎ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ አፈሙዙን ወደ ባዶ ቦታ እንዳዞሩ መጀመሪያ ጠመንጃውን በማጠፊያው ላይ አጥፈው ይክፈቱ፤ ጥይቶቹን ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መዶሻውን ያውርዱ። ጀልባ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ጨርሶ አያጉርሱ። ማታ ሲመለሱ በርሜሉን ሳያጸዱ አይተኙ።

ምክሬ ይህ ነው። ፓርከሩን ይግዙ፤ ነገር ግን የማይተኮስበት ጠመንጃ በሚያወጣው ዋጋ ይሁን። ከመክፈልዎ በፊትም ያስለኩት፤ የመለኪያውን ወጪ እርስዎ ይቻሉ። ቁጥሮቹ ካለፉ በዝቅተኛ ግፊት የቢስመዝ ጥይት እስከ 35 ሜትር ይደኑበት። ካላለፉ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ለማንም ለተኩስ አያውሱት። ያኔም የአሮጌ ጠመንጃ አደን ካማረዎት በ1920ዎቹ የተሠሩትን ከወጥ ስቲል የሆኑ ከባድ 12 ጌጆች ይፈልጉ፤ የፊላደልፊያውን ሱፐር ፎክስ ወይም የፉልተኑን ኤል ሲ ስሚዝ ሎንግ ሬንጅ። እነሱም ሳይለኩ አይተኮስባቸውም፤ ብረት ፍሬም አይገባባቸውም።

8 ጌጁን ለአደን ብለው ከሆነ አይግዙት። እውነተኛ የእንግሊዝ ሥራ ሆኖ ሳይነካካ ከቆየ ደግሞ ዋጋው እርስዎ ካሰቡት ሊበልጥ ይችላል። ሴትዮዋ ይህን ላያውቁ ይችላሉና ይንገሯቸው። በአሮጌ ጠመንጃ የታወቀ የጨረታ ቤት ገምቶ እንዲሸጥላቸው ይምከሯቸው። ከዚያ በኋላም ለእርስዎ ሊሸጡ ከፈለጉ በተገመተው ዋጋ ይግዙ።

ለዘንድሮው የዝይ ወቅት በያዙት ዘመናዊ ጠመንጃ ይቀጥሉ። የመለኪያው ወረቀት እጅዎ ሳይገባ ለፓርከሩ አንድ ፓኮ ጥይት እንኳ እንዳይገዙ።